ወፍጮው ያረፈ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ብርዱ ሲጠናብኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ጥግ የተቀመጠውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰካሁት። አቧራው ሲቃጠል ሸተተኝና፣ ሰው በሌለበት ቤት፣ "አምፕሊፋየሩ ሞቀ!" ብዬ ተጣራሁ።

የወንድሜ የጊታር አምፕሊፋየር እንደዚያ ነበር የሚሸተው። አሮጌ ነው፤ ከጀርባው ድምፁን የሚያጎሉ ሁለት የመስታወት ቫልቮች አሉት። ሲሞቁ እንደ ኩራዝ ይበራሉ፤ በደባርቅ ብርድ እጃችንን እናሞቅባቸው ነበር።

አንድ ዓመት ወንድሜ አዲስ ቫልቮች አገኘ። የሠፈራችን ሆቴል ባለቤት፣ "በጥር ሚካኤል ተጫወትልኝ፤ ሰው ከወደደህ እዚሁ እቀጥርሃለሁ" ብላዋለች። ካልሆነ ሥራ ፍለጋ ጎንደር ሊሄድ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሦስታችን ብቻ ነበር። እኔም አባታችንም እንዲቀር ፈልገናል፤ አፍ አውጥቶ "አትሂድ" ያለው ግን የለም።

አባታችን ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። አዲስ ቫልቭ ሲገባ፣ ጊታሩ ዝም ባለበት ሰዓት የሚስበው ኤሌክትሪክ ልክ መያዝ አለበት፤ ካነሰ ድምፁ ይሰልላል፣ ከበዛ ቫልቩ ይቃጠላል። ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ "ሁለቱንም እጄን ካስገባሁ ቄሱን ጥሪልኝ" እያሉ፣ በቀኙ ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ ያዞራሉ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ኤሌክትሪኩን የሚለካውን የቴስተሩን መርፌ የማነብ እኔ ነኝ።

"አሁንስ?"

"ትንሽ ይቀረዋል፣ አባባ።"

"ኧረ ሚካኤል ሳያልፍ ይጨርሱት!" ይላል ወንድሜ ከበሩ ሆኖ።

"አንተ ክርህን ቃኝ!"

መርፌው ልኩ ላይ ሲቆም፣ ከማዶ የእህል ወፍጮው ያጓራ ነበር። አሁን ወፍጮ ቤቱ የራሱ ትራንስፎርመር አለው። ያኔ የሠፈሩን መብራት ሁሉ ይጠጣው ነበር፤ እሱ ሲፈጭ የቤታችን አምፖል ይፈዛል። ለምደነው ልብም አላልነው።

ሚካኤል ደረሰ። በታቦቱ ቀን እህል አይፈጭምና ወፍጮው አርፏል። በእኛው መስመር ላይ ያለው ሆቴል አምፖሉ ሁሉ ቦግ ብሏል። ሰዉም፣ "እሰይ፣ ዛሬስ መብራቱ መብራት ሆነ" ይላል። ወንድሜ ሁለተኛውን ዘፈን ሲጀምር ቫልቮቹ ከውስጣቸው እንደ ፍም ቀሉ።

"ንቀለው! ንቀለው!" አሉ አባታችን ከወንበራቸው ተነሥተው።

አልደረሰም። አምፕሊፋየሩ አንዴ ጓ ብሎ ዝም አለ። የሆቴሉ ባለቤት ሰዉ እንዳይሄድባት ፍላሽ አሰክታ ዘፈን አስከፈተች።

"ወፍጮውን ረሳሁት" አሉኝ አባታችን፣ በጆሮዬ። "በደከመ መብራት ልክ ያስያዝሁት፣ ሲጠነክር ነደደ።"

ሌላ ቫልቭ ከየት ይመጣል? ወንድሜ በማግስቱ ሻንጣውን አሰረ፤ የጎንደሩ መኪና በነጋታው ጠዋት ነው።

አመሻሹ ላይ ጊታሩን ያለ አምፕሊፋየሩ ይዞ ተቀመጠ። የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ድምፅ የለውም፤ ፈቀቅ ካሉ አይሰማም። አባታችን የተቀመጡበትን ዱካ ወደ እሱ ሳቡ፤ ደግሞ ሳቡ፤ ጆሯቸውን ከክሩ አስጠጉ። እኔም በወዲያኛው ጎን ገባሁ። ጉልበታችን ተነካካ።

ዘፈኑ ሲያልቅ፣ "አልሰማሁትም፣ ልጄ" አሉ አባታችን።

እንደሰሙት አውቃለሁ። ወንድሜም ያውቃል። ደገመላቸው።