የካቦ ደጀኔ ምክር

ደጀኔ ሰው ማሠራት ያውቅበታል፤ ጥፋቱን ማመን ግን ሞቱ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ጪጩ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ቡና ማጠቢያ ካቦ ነበር። የአካባቢው ካቦዎች አስተማሪ የላቸውም፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በአንዳቸው ቤት ተሰብስበው ቆጮ እየበሉ እርስ በርስ ይማማራሉ። ደንባቸው አጭር ነው፤ ተረኛው የራሱን ጥፋት ይናገራል፣ በቀኙ የተቀመጠው ይመክረዋል። የሰው ጥፋት ይዞ መምጣት ነውር ነው። ደጀኔ ታዲያ ሁልጊዜ «ሰኞ አርፍጄ ገባሁ» ዓይነቷን ይዞ ይመጣል። ብልጥ መሆኑ ነው እንግዲህ።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ እንዲብላላ የተዘፈዘፈ አንድ ገንዳ ሙሉ ቡና የመታጠቢያ ሰዓቱ አልፎበት ኮመጠጠ። ገንዳውን የሚጠብቀው ይርጋ «ጋሼ፣ ደርሷል፤ እንጠበው» ብሎ ሁለቴ ነግሮት ነበር። ደጀኔ «ካቦው አንተ ነህ እኔ?» ብሎ መለሰው። ባለቤቱ መጥቶ ሲጮህ ግን ጣቱን ወደ ይርጋ ቀሰረ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኸው ነው። ይርጋ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ከሥራው ተባረረ።

በዓመቱ ተራው ደጀኔ ቤት ሲደርስ፣ ካቦዎቹ አዲስ ካቦ ይዘው መጡ። ይርጋ ነበር፤ ሌላ ማጠቢያ ገብቶ አድጓል። ገብቶም ከደጀኔ በስተግራ ተቀመጠ። መካሪው እንግዲህ ደጀኔ ሊሆን ነው።

አዲስ ሰው ነውና ይርጋ ጀመረ። «የኔ ጥፋት ዝምታ ነው። ቡና ሲበላሽ እያየሁ ሁለቴ ተናገርኩ፤ ሲቆጡኝ ተውኩት። የማንንም ስም አላነሳም።» ከዚያ ወደ ቀኙ ዞረ። «ጋሽ ደጀኔ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

በነገር ሊወጋው ብሎ ቢጠይቀው ይሻል ነበር። ከልቡ ነው የጠየቀው። ደጀኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «ካቦው እኔ ነበርኩ» ሊል አፉን ከፈተ፤ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው፤ አፈረ።

«ካቦው ቢቆጣም ቡናውን እጠብ» አለ። «ቁጣ ይበርዳል፤ የኮመጠጠ ቡና ግን አይመለስም።»

ሽማግሌው ካቦ ወልደዮሐንስ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ይቺስ ደንብ ትሁን» አለ፤ ሆነችም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካቦ በገባ ቁጥር «የካቦ ደጀኔ ምክር» እያሉ ያስተምሩታል። ደጀኔ በሰማ ቁጥር አቀርቅሮ ቆጮውን ይቆርሳል፤ እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል። ከሁሉ አብልጦ የሚያስተምራት ይርጋ ነው፤ ሲጨርስም ሁልጊዜ ለደጀኔ ከመቀመጫው ብድግ ይልለታል።