ጎበዝ፣ ተቀመጥ

የመማሪያ ክፍሉን የተሰበረ መስታወት ልቀይር መሰላል ላይ ቆሜ ነው መምህርቷን በመስኮት ያየኋት። የሹራቧን ቁልፍ አዛንፋ ቆልፋዋለች፤ እጅጌዋ የጠመኔ ብናኝ ለብሷል።

"ሦስት ሲደመር አራት?" ስትል አንዱ ልጅ ብድግ ብሎ "ሰባት!" አለ።

"ጎበዝ፣ ተቀመጥ።"

ቀጥላ "ስድስት ሲደመር ሁለት?" አለቻት አንዷን።

"አምስት።"

"ጎበዝ፣ ተቀመጪ።"

ድምጿ ያው ነው፤ ዓይኗም ከሰሌዳው አልተነቀለም። ሰባት ያለው ልጅ ዞር ብሎ ልጅቷን አያት። ከዚያ በኋላ እጁን አላወጣም። ሌላም ያወጣ የለም። መምህርቷም አላስተዋለችም መሰለኝ፣ ራሷ ጠይቃ ራሷ እየመለሰች ቀጠለች።

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ስልኳን አንስታ እናቷ ጋ ደወለች።

"እማዬ፣ ኪኒኑን ዋጥሽው? በእውነት? ጎበዝ የኔ እናት! በይ ትንሽ እህል ደግሞ ቅመሽልኝ።"

እዚህች ላይ ብቻ ድምጿ ነፍስ ዘራ። ስልኩን ስትዘጋው ፊቷም አብሮ ተዘጋ።

"መምህርት፣ ይቅርታ፣ መስታወቱን አሳጥሬ ቆርጬው አልገጠመም። ነገ ሌላ ይዤ እመጣለሁ" አልኳት እያፈርኩ።

"ጎበዝ" አለችኝ፣ በባዶው መስኮት የሚገባው ነፋስ ሻርፗን እያርገበገበው።