ከሻይ ጋር የተጠየቀ የጤና ጥያቄ

በፈረንጆቹ 1996፣ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ የእህቴ ባል ጌታቸው የኢንሹራንስ ማመልከቻ ሊፈርም እስክሪብቶ አነሳ። አልፈረመም። ያስቆመው እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ስለሆነ ነገሩ ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም። ስሞቹን ቀይሬያለሁ።

ጌታቸው ዳላስ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። መኪናው የራሱ ነው፤ ያልነዳ ቀን ገቢ የለም። ሁለት ልጆች አሉት። ታሞ ወይም ተጎድቶ መሥራት ቢያቅተው በየወሩ የሚከፍለው ዲስአቢሊቲ ኢንሹራንስ ሊገዛ ወሰነ። እኔ ከዳላስ ብዙም በማይርቀው ቤድፎርድ ውስጥ ለሚታተም ትንሽ ጋዜጣ ዘጋቢ ነኝ። እህቴ «ከመፈረሙ በፊት አንብቢልን» ብላ ሌክ ሃይላንድስ ወዳለው አፓርታማቸው ጠራችኝ።

ሻጩ ጋሽ ሳሙኤል በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ሻይ ቀርቦላቸው ስኳሩን እያማሰሉ «ጤናስ እንዴት ነው ጌቾ?» አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ማንኪያውን አስቀመጡና ቅጹ ላይ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ገጹን ገለበጡት። ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ጀመረ፤ ሰላምታ በቅጽ ላይ አይሞላም።

ውሉን ልየው ስል «እሱን ኩባንያው በፖስታ ይልክላችኋል፤ ፎርማሊቲ ነው» አሉኝ።

«መንዳት ቢያቅተው፣ ግን ተቀምጦ ስልክ ማንሳት ቢችል ይከፈለዋል?»

«አንቺ ደግሞ! ገና ሳይታመም ሥራ ልታስቀይሪው ነው?» ብለው ሳቁ። እህቴም ሳቀች። መልስ ግን አላገኘሁም።

ጌታቸው እስክሪብቶውን ሲያነሳ የተገለበጠውን ገጽ መልሼ አየሁት። የወገብ ሕክምና አድርጎ እንደሆነ ለሚጠይቀው መስመር «የለም» ተብሎ ተሞልቷል።

«ወገብህስ?» አልኩት።

ጌታቸው ባለፈው ክረምት በዲስክ ሕመም ሐኪም ቤት ሲመላለስ ከርሟል። ይህን የምናውቀው ቤተሰቦቹ ብቻ ነን።

«እስቲ ወገቡን የማያመው ታክሲ ነጂ አሳዪኝ!» አሉ ጋሽ ሳሙኤል። «ደግሞስ፣ ይሄን ከጻፍን ሊከለክሉት ይችላሉ።»

«ካልጻፍን ደግሞ የታመመ ቀን የሐኪም ቤት መዝገቡን አስመጥተው ክፍያውን ይከለክሉታል።»

ጌታቸው ፊቱ ተለዋወጠ። «በሰው ፊት ገመናዬን ታወጪ!» አለኝ። እስክሪብቶውን ግን አስቀመጠው።

ጋሽ ሳሙኤል አልተቆጡም። ወረቀታቸውን ሰብስበው ሲወጡ «እኔን ካላመንሽ ጓደኛሽን ፀሐይን ጠይቂያት። አምና የገዛችው ከእኔ ነው» አሉኝ።

ጌታቸው ለወር ያህል አኮረፈኝ። በኋላ ከሌላ ሻጭ ጋር ወገቡን አስጽፎ አመለከተ፤ ኩባንያው ከወገቡ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ሸፈነለት። ጋሽ ሳሙኤል ያን ያደረጉት አውቀው ይሁን ከልማድ፣ እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ሰላም ሲሉኝ እመልሳለሁ፤ ግን አላምናቸውም።

ያረጋገጥኩት አንድ ነገር ነው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ፀሐይ ጋ ደወልኩ። ፀሐይ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። የስኳር ሕመም እንዳለባት ከእኔና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ጋሽ ሳሙኤል ሲያስፈርሙሽ ስለ ጤናሽ ጠይቀውሽ ነበር?»

«እንዴ፣ አዎ! ገና ቁጭ ከማለታቸው።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸዋ።»