ያልመሰከርሁላት ዘይነባ

ልጄ የሕክምና ተማሪ ናት። ባለፈው እሑድ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ማንጎ እየበላን ሳለ ደብተሯን ዘርግታ የአንጎል ሥዕል አሳየችኝ።

«ይችን አየሻት እማዬ?» አለች፣ የለውዝ ፍሬ በምታህል ነገር ላይ ጣቷን አሳርፋ። «አደጋ ሲመጣ ደወል የምትደውለው እሷ ናት። ከግንባራችን ኋላ ያለው ክፍል ደግሞ ‹ምንም የለም፣ ተረጋጊ› እያለ ያበርዳታል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን የሁለቱ መገናኛ ይደክማል። ሰው ፊት መቆም ጅብ ፊት እንደ መቆም ይሆንበታል።»

«እንግዲያው እኔን ነዋ የሣሉት» አልኋት። ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

እኔ ሐይቁ ዳር ካለው የመምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ይህ ነገር ስም አልነበረውም። «ዓይናፋር ናት» ይሉኝ ነበር፤ ለሴት ልጅ ያውም ምስጋና ነው። ምግብ አዳራሽ ስገባ ሁሉም አፌን የሚያይ ስለሚመስለኝ ጉርሻው አልወርድ ይለኝ ነበር። ስም ሲጠራ ተራዬ ሳይደርስ ልቤ ይደልቃል። መምህር ከሩቅ ካየሁ ሰላምታውን ፈርቼ በሐይቁ ዳር በጭቃው እዞራለሁ፤ በክረምት ጫማዬ ደርቆ አያውቅም።

ዘይነባ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ ማደሪያችን ውስጥ አልጋችን ጎን ለጎን ነው። አንድም ቀን «ለምን?» ብላ ሳትጠይቀኝ ቁርሴን በሻሿ ጠቅልላ ታመጣልኝ ጀመር። ክፍል ውስጥ ያልገባኝን ደብተሬ ጥግ ላይ እጽፍላታለሁ፤ እሷ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እኔ አልገባኝም» ትላለች። እሷማ ገብቷት ነበር።

አንድ የግንቦት ቅዳሜ «ዛሬ ዘጌ እንሂድ» አለችኝ። ያለ ፈቃድ መውጣት ክልክል ነው። የመምህራንን ክፍል የማጽዳት ተራም ነበረባት፤ በችኮላ ጠርጋ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ረስታው መጣች። ጀልባው ላይ ሰው ሲበዛብኝ ከፊቴ ቆማ ከለለችኝ። ዘጌ የቡናው ጥላ ቀዝቃዛ ነው፤ መሬቱ የረጠበ ቅጠል ይሸታል። ሎሚ እየላስን በእግር መንገዱ ስንወጣ፣ ሰው እንደሌለ ሳይ ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርሁ። «ይኸው፣ ድምፅ አለሽ እኮ!» ብላ ሳቀች። የተመለስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ሰኞ የፈተና ወረቀት መሰረቁ ተሰማ። የጠፋው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያው ክፍል ነው። አንዲት ተማሪ ደግሞ «ዘይነባ ስትገባ ያየሁ መሰለኝ» አለች። ምግብ አዳራሽ ሰበሰቡንና ዳይሬክተሩ ዘይነባን አስቆሟት።

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ዘጌ ነበርሁ። ከየሺ ጋር።»

«የሺ ማናት? ተነሺ።»

ተነሣሁ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ጆሮዬ ውስጥ ደሜ ይጮኻል።

«አብራሽ ነበረች ወይ?» አሉ። «አዎ» የምትል አንዲት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ተመለሰች። «መልሽ እንጂ!» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

ያኔ ዘይነባ፣ «ይተዉአት መምህር፤ አትችልም» አለች።

ዳይሬክተሩ ዝምታዬን «አልነበረችም» እንዳልሁ ቆጠሩት። በአምስተኛው ቀን ዘይነባ ተባረረች። ወረቀቱን ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ለዚያች የለውዝ ፍሬ ልተውላት። ግን አምስት ቀን ነበረኝ። ወረቀትም እስክሪብቶም ነበረኝ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌ እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ድረስ ሄጃለሁ። በበሩ ሥር ማሾለክ ይቻል ነበር፤ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። አላሾለክሁትም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ «ያለ ፈቃድ ወጥተሻል» ተብዬ እኔም እንዳልባረር አስቤ ተውሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ መምህርት ሆኜ ልጆች ፊት መቆም በስንት መከራ ከለመድሁ ወዲያ፣ ወረታ ሄድሁ። ዘይነባ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። አቅፋ ሳመችኝ፤ ከሱቁ ጓዳ አስገብታ ትኩስ ሩዝ አቀረበችልኝ። «በዚያ ቀን አዳራሽ ውስጥ...» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«በዚያ ቀን አልተቀየምሁሽም፣ ወላሂ። እኔ አላውቅሽምና ነው? በማግስቱ ግን ጠበቅሁሽ። በሦስተኛውም ቀን ጠበቅሁሽ። አውቶቡስ ተራ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ እንኳ መንገድ መንገዱን አይ ነበር።»

ይህን ብላ ሩዝ ጨመረችልኝ፤ እንባዬ እየወረደ በላሁት።

እሑድ ለልጄ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ደብተሯን ዘጋችና፣ «እማዬ፣ በሽታ ነበር እኮ። አሁን ቢሆን ትታከሚ ነበር» አለችኝ። እናቷን ልታድን ፈልጋ ነው፤ ሐቅም አላት። ፍርሃቱን ምናልባት ይዤው ተወልጃለሁ፤ በእሱ አላፍርም። የማፍረው ልቤ ሰክኖ፣ አልጋዬ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ዝምታን በመምረጤ ነው።