ራሴ የመረቅኋት ሽንኩርት

ከደምበጫ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ የሚኒባሱን በር ይዛ አልለቅም አለች። «ልጄ፣ ማንንም እንዳታምኚ! ቦርሳሽን ከጉያሽ እንዳታወጪ!» እኔም አገር ለአገር ተንከራትቼ ጀርመን እስክገባ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠውን ሁሉ ስጠረጥር ከረምሁ። የምጠረጠረው እኔ እሆናለሁ ብዬ መቼ አሰብሁ?

እህቴ፣ እዚህ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሻጭ የሚባል ፍጡር እየጠፋ ነው። ዕቃውን ራስሽ አንስተሽ፣ ራስሽ ለማሽን አሳይተሽ፣ ካርድሽን ጠጋ ስታደርጊ ጢጥ ይላል፤ አለቀ። ክርክር የለ፣ ግፊያ የለ፤ ይመቻል፣ አልዋሽም። ግን «እንዴት ዋልሽ» የሚል የለም። ከላይ ካሜራ ሰቅለው የራስሽን ፊት በስክሪኑ ያሳዩሻል። ካመኑሽ ፊትሽን ምን ሊያደርጉት ይቀዱታል?

አንድ ቀን በመረብ የታሰረ ሽንኩርት ገዛሁ። ከፍዬ ስጨርስ እጄ እንደለመደው ከጎን ካለው ክምር አንዲት ፍሬ አንስቶ ከላይ ጨመረ፤ ምራቂ መሆኗ ነው። እኔ ራሴ ደምበጫ ገበያ ድንች ስሸጥ ገዢ ሳልመርቅ ሸኝቼ አላውቅም። ማሽኑ ቀይ አብርቶ ጮኸ። ጥበቃው መጣ።

«ይቺስ?»

«ስጦታ ናት» አልሁት በተሰባበረ ጀርመንኛዬ። «ሰው ሲገዛ ይጨመርለታል።»

«ማን ሰጠሽ?»

ዘወር ዘወር ብዬ አየሁ፤ ከማሽኑ በቀር ማንም የለም። «ሻጭ ስለሌለ ራሴ ለራሴ ሰጠሁ።»

አልሳቀም። ወደ ጓዳ አስገብቶ ወረቀት አቀረበልኝ። «ፈርሚ።»

«ምን ይላል?»

«ሽንኩርት ሰርቃለች ይላል።»

«ልክፈላታ!»

«አሁንማ ዘገየሽ።»

የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልተወሰነም። ይህ ወረቀት እዚያ ፋይል ውስጥ ቢገባስ? ፈርቼ አልፈርምም አልሁ። መታወቂያዬን ፎቶ አንስቶ «ሂጂ» አለኝ። ለማን እንደሚልከው ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

ከዚያ ወዲህ የምከፍለው ሰው ካለበት ብቻ ነው፤ ሰልፉ ቢረዝምም። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳትጠይቀኝ ቦርሳዬን ከፍቼ አሳያታለሁ። ግራ ገብቷት ታየኛለች። በራሴ እናደዳለሁ፣ ግን መተው አቃተኝ።

ፈቃዱም አልመጣም። ከእኔ በኋላ ላመለከቱት እንኳ ደርሷቸዋል። ትናንት እናቴ ደወለች።

«ምን አዘገየብሽ ልጄ?»

«የመሥሪያ ቤት ነገር ነው፣ እማዬ።»

«አይዞሽ፣ ፋይልሽን ገልጠው ቢያዩ ጨዋ ልጅ ነሽ። ምን ሊያገኙብሽ ነው?»

መስመሩ የተቋረጠ አስመስዬ ስልኩን ዘጋሁት።