አክስቴና ባሏ በሁለት ቀበሌ

ሰቆጣ ላይ የጂኦግራፊ መምህርት ሳለሁ «አገር ምን ምን ያስፈልገዋል?» ብዬ ስጠይቅ፣ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «ሕዝብ፣ ግዛት፣ መንግሥት፣ ሉዓላዊነት» ይሉ ነበር። የገባቸው ይመስለኝ ነበር። እኔም የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ደሃና ያለችው አክስቴ የምትኖርበትን ቀበሌ ለሁለት ከፈሉት። አስተዳደሩን ለሕዝቡ ለማቅረብ ነው ተባለ። ድንበሩ ከቤቷ በታች ያለችው ትንሽ ወንዝ ሆነች። መንግሥት እንዲህ ሲቀርብ የአክስቴ ቤት ላይኛው ቀበሌ፣ የገብስ ማሳዋ ደግሞ ታችኛው ቀበሌ ገባ። በሯ ላይ ቆማ የምታየው ማሳ ውጭ አገር ሆነ ማለት ነው።

ለሥራ ሲሆን ሁለቱም ቀበሌዎች ወደዷት። ላይኛው «ነዋሪያችን ነዎት» ብሎ ለእርከን ጠራት፤ ታችኛው «መሬትዎ እኛ ዘንድ ነው» ብሎ የውሃ ማቆሪያ አስቆፈራት። ምርጥ ዘር ይከፋፈላል የተባለ ዕለት ግን ፍቅሩ በረደ። የላይኛው የልማት ሠራተኛ «ማሳዎ እዚያ ነው፣ ከዚያ ይውሰዱ» አላት። ተሻግራ ሄደች። የታችኛውም በትሕትና «ቤትዎ እኮ እዚያ ነው» ብሎ መለሳት።

ለክረምት ዕረፍት ስሄድ፣ «አንቺ የተማርሽው ይህንኑ አይደል? እስቲ እኔ የማን ነኝ?» አለችኝ።

ስለ ሉዓላዊነት ጥቂት አስረዳኋት። ወደ ባሏ ዞር ብላ በኽምጣኛ የሆነ ነገር አለችውና ሁለቱም ሳቁ። ከተማ ስላደግሁ ኽምጣኛ አልሰማም። ምን እንዳለችም አልነገሩኝም።

በማግስቱ ባልየው ቁርበቱንና ጋቢውን ይዞ ማሳው ዳር ወዳለው ጎጆ ወረደና በታችኛው ቀበሌ አባወራ ሆኖ ተመዘገበ። አክስቴ በላይኛው እማወራ ሆነች። ዘሩም ቃል ተገባላቸው። የመንደሩ ሰው ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ተረዳውና «ተፋቱ» ተባለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸው ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

«ልጄ፣ በዚህ ዕድሜ ምን አጣላችሁ?»

«ወንዟ ናት፣ አባ» አለች አክስቴ።

«ወንዝ ምን አደረገችሽ?»

«ድንበር ሆነችብን።»

ቄሱ በምሳሌ የምትናገር መስሏቸው ስለ ትዕግሥት ረዘም ያለ ምክር ሰጧት። በመጨረሻ ባልየው ከማሳው ተጠርቶ መጣና የሆነውን ሁሉ ተናገረ።

«ታዲያ ለዘር ብላችሁ ነው ትዳር የምታፈርሱት?» አሉ ቄሱ።

«ለምርጥ ዘር ነው፣ አባ» አለ ባልየው።

ሽማግሌዎቹ ግን ለዕርቅ መጥተው ሳያስታርቁ መመለስ ነውር ሆነባቸው። ያልተጣሉትን ባልና ሚስት አስታርቀው፣ ጠላውን ጨርሰው ሄዱ።

ምርጡ ዘር የደረሰው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ባልየው የራሱን ገብስ ቀድሞ ዘርቶ ስለነበር አመስግኖ ተቀበለ። ሆኖም ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ዝንጀሮ እጠብቃለሁ ይል ነበር። ማታ ማታ አክስቴ እራቱን ይዛ ወደ ጎጆው ትወርዳለች። እንደ አዲስ ሙሽራ ሻሿን አስተካክላ ስትወርድ አይቻታለሁ።