በበርበሬ የተሳበበው ራስ ምታት

ወደ ቡታጅራ ያስኬደኝ የራሴ ፊርማ ነው። እዚያ ያለ አንድ የበርበሬ ፋብሪካ ወፍጮዎቹን የሚያንቀሳቅስ፣ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ሞተር ተክሎ የአየር ብክለት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ አዲስ አበባ ባለው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የሞተሩን አምራች ወረቀት ብቻ አይቼ ፈርሜለት ነበር። የእድሳቱ ጊዜ ሲደርስ አንዲት ጎረቤት አቤቱታ ላኩ። አለቃዬ፣ "ሄደሽ ለኪው" አለኝ።

ወልቂጤ

የጋዝ መለኪያውን ሻንጣ ጭኔ ላይ አድርጌ በማለዳ ሚኒባስ መጀመሪያ ወልቂጤ ወረድኩ። ሞተሩን የሚጠግነው መካኒክ ተስፋዬ እዚያ ጋራዥ አለው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ።

"ባዶውን ሲዞር ከለካሽው ያልፋል" አለኝ። "ወፍጮዎቹ ሁሉ ሲነሱ ግን ጉልበት ያጥረዋል። ያኔ እንዲበረታ፣ ስጠግነው ጋዙን ከአየሩ አብልጬ አስተካክልለታለሁ።"

"ከጭስ ማውጫው የሚወጣውስ?"

"በዓይን የሚታይ ነገር የለም። የማይታየውን ለክቼ አላውቅም።"

ጎመን በቆጮ በልቼ ወደ ቡታጅራ የሚሻገረውን መኪና ያዝኩ። ተራራው ላይ ጭጋጉ እንሰቱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አበራ። እኔ ያንን ወረቀት እንዴት በፍጥነት እንደፈረምኩ አሰብኩ።

ቡታጅራ

በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካው ባለቤት ሐጂ ሙዘይን በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ግቢው ከቆሼ ከተማ በኩል በመጣ በርበሬ ጆንያ ሞልቷል። ሰላምታዬን ሳልጨርስ አስነጠሰኝ።

"የጎረቤታችንም ችግር ይኸው ነው" አሉ እየሳቁ። "ሞተሩማ ጭስ የለውም፣ ልጄ።"

አቤቱታውን የላኩትን ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡትን መምህርት አስቴርን፣ ከሞተሩ ክፍል የሚለያቸው አንድ ግንብ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ እሳቸው ቤት ገባሁ።

"በርበሬ ያስነጥሳል፤ እዚሁ ተወልጄ አላጣውም" አሉኝ። "እኔን የሚያመኝ ራሴን ነው። ልጄ ቤት ሄጄ ስሰነብት ይተወኛል። ስናገር ግን ሁሉም በርበሬ ነው ይለኛል።" ቀጥለው ጠየቁኝ፦ "ፈቃዱን የሰጠው ሰው መጥቶ አይቶት ነበር?"

"የሰጠሁት እኔ ነኝ። አልመጣሁም።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"እንግዲያው ዛሬ በደንብ እዪው" አሉ።

ተመልሼ የመለኪያውን ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተትኩ። ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ቁጥሩ ከተፈቀደው በታች ነበር፤ ሐጂም ፈገግ አሉ። ወፍጮዎቹን በሙሉ እንዲያስነሱ ጠየቅኳቸው። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። መርዛማዎቹ ጋዞች፣ ራስ የሚያሳምመው ካርቦን ሞኖክሳይድና የናይትሮጅን ኦክሳይዱ፣ እየጨመሩ ከገደቡ አለፉ፤ አልወረዱምም።

ሐጂ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። "ጭስ ሳይኖር?"

"ጭስ ሳይኖር፣ ሐጂ።"

"ብትዘጊው ሠራተኞቼ ምን ይሆናሉ?"

የሚፈጩትን ሴቶች አየኋቸው፤ እነሱም እያዩን ነበር። መዝጋት ቀላል ነበር፣ መፈረምም ቀላል ነበር። እስከ ከሰዓት ድረስ ወፍጮዎቹን አንድ በአንድ እያስቆምኩ ለካሁ። ግማሾቹ ብቻ ሲሠሩ ቁጥሩ ከገደቡ በታች ወረደ። ስለዚህ የጋዙና የአየሩ ምጣኔ እስኪስተካከል፣ ማጣሪያም እስኪገጠም ድረስ በተራ በተራ እንዲፈጩ፣ እድሳቱም ዳግም ከተለካ በኋላ እንዲታይ ጻፍኩ።

ሐጂ አንብበው ፈረሙ። ከዚያ ተነስተው የመምህርት አስቴርን በር አንኳኩ።

"መምህርት፣ በበርበሬ አሳበብን። አፉ በሉኝ።"

"አፉ ብያለሁ" አሉ መምህርቷ። "ጭስ ማውጫውንም ከመስኮቴ አዙሩልኝ።"

"በዚህ ሳምንት ይዞራል።"

አዲስ አበባ

በቡኢ በኩል ተመልሼ ቤቴ የደረስኩት ሲመሻሽ ነው። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ሪፖርቱ ላይ የመጀመሪያው ፈቃድ ያለ ልኬት መሰጠቱን ጻፍኩ፤ የሰጪውንም ስም አልደበቅኩም። አለቃዬ አንብቦ ማኅተም አሳረፈበት። እኔም ሳላይ የፈረምኩባቸውን ሌሎች ፋይሎች ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ ዘጠኝ ሆኑ። ከእንግዲህ የትም ስሄድ፣ ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ከግንቡ ማዶ የሚኖረውን ሰው እጠይቃለሁ።